ሦስት ሰኞ

ክረምት ገብቶ ጎረቤቴ ባለጋሪው የፈረሱን ጠፍር ከመስኮቴ ሥር ሲያሰጣ፣ የረጠበው ቆዳ ሽታ ቤቴ ድረስ ይገባና እኔን አሮጊቷን ሳያስፈቅድ አንስቶ መቐለ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ያስቀምጠኛል። አባቴ የጨው ነጋዴ ነበሩ። በበጋ አሥራ ሁለት በቅሎዎቻቸው ወደ አፋር በረሃ ወርደው አሞሌ ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ግቢያችን ውስጥ ታስረው ስለሚያርፉ፣ መጫኛውና ጠፍሩ ሁሉ አጥር ላይ ተሰጥቶ እኔ በሥሩ እየተሽሎከሎክሁ እጫወት ነበር። ከተማው የሚያከብራቸው ሰው ነበሩ፤ መከበራቸውንም ከከተማው ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

የበቅሎዎቹ ኃላፊ ሐጎስ የሚባል ሰው ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አባቴን ያገለገለ፣ ከበረሃ በተመለሰ ቁጥር በቅሎ ላይ አውጥቶ ግቢውን የሚያዞረኝ። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንዲት በቅሎ መንገድ ላይ ጠፋችና አባቴ «ሸጠሃታል» አሉት። አልሸጥኩም ቢል በሽማግሌ ፊት አስማሉት፤ የቤተ ክርስቲያን በር ይዞ ማለ። በአገራችን ያስማለ ሰው መሐላውን ተቀብሎ ዝም ይላል። አባቴ ግን ሰኞ ገበያ መሐል ቆመው «ምሎ በላኝ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለሐጎስ በቅሎ ቀርቶ የታመመች አህያ የሚያምነው ሰው ጠፋ።

በመስከረም የአባቴ ወዳጅ የሆነ አንድ የአፋር ሰው በቅሎዋን በረሃ ውስጥ አግኝቶ እየሳበ መጣ። አባቴ በጓሮ በር ተቀብለው፣ ሰውየውን አብልተው አጠጥተው ሸኙትና፣ በቅሎዋን በማግሥቱ ወደ ወሎ ለሚሄድ መንገደኛ ሸጧት። እናቴ አይታለች፤ እኔም አይቻለሁ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ ለሰው እንናገር እንጂ» ብትላቸው፣ «ሎሌውን ይቅርታ የጠየቀ ጌታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው አፏን አስያዟት።

ኅዳር ላይ፣ አዝመራው ሲታጨድ፣ ከአክስቴ ቤት ስመለስ ሐጎስን ከወንድሙ ጋር በቅሎ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። «ንዒ፣ ጓለይ! ነይ ልጄ፣ ላዙርሽ» አለኝ። እኔ ሞኟ እየሳቅሁ ወጣሁ። የኲሓን መንደር አልፈን ከተማው ከኋላችን ሲጠፋ ነው ሳቄ የቆመው።

ያስቀመጡኝ ከተራራ ሥር ባለው የሐጎስ እናት ቤት ነበር። አሮጊቷ ቂጣ እየቆረሰች ታጎርሰኝና ታለቅስ ነበር፤ እኔም እሷን እያየሁ አለቅስ ነበር። ለአባቴ የተላከው ቃል አጭር ነው፦ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምነው፣ እርስዎም ሰኞ ገበያ ድንጋይ ተሸክመው ሐጎስን በሐሰት ከሰስኩ ይበሉ፤ ልጅዎ በዚያው ቀን ትገባለች።

የመጀመሪያው ሰኞ አለፈ። ረቡዕ ዕለት አባቴ ጠመንጃ ከያዙ ዘመዶቻችን ጋር በቅሎዎቹን ሁሉ አስነድተው መጡ። ሐጎስ ትከሻዬን ይዞ ደጃፉ ላይ ከፊቱ አቆመኝ።

«አሥራ አንዱንም ውሰድ፤ ልጄን ስጠኝ» አሉ አባቴ።

«ጌታዬ፣ እኔ በቅሎ አልጠፋብኝም፤ የጠፋብኝ ስሜ ነው» አለ ሐጎስ።

«እተኩሳለሁ!»

«ይተኩሱ፤ ልጅዎ ከፊቴ ናት።»

እኔ ጮኽሁ። «አቦይ! በቅሎዋ እኮ መጥታለች! ይንገሩት!»

ዘመዶቻችን መሬት መሬቱን አዩ። የአባቴ ፊት ጠቆረ፤ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ በቅሎዎቹን አስመልሰው ቁልቁለቱን ወረዱ። ዞር ይላሉ ብዬ ጀርባቸው እስኪጠፋ ድረስ አየሁ፤ አልዞሩም።

ሁለተኛውን ሰኞ ያወቅሁት ገበያተኛው ከማለዳ ጀምሮ በመንገዱ ሲያልፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ገበያተኛው ተመለሰ፣ ወሬ ግን የለም። አባቴ እኔንና ክብራቸውን መዝነው ክብራቸው እንደከበደባቸው ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ስታጎርሰኝ ፊቴን አዞር ጀመር፤ ሐጎስም ዓይኔን ማየት ተወ፣ ያሰበው እንዳልሆነለት ያስታውቅ ነበር።

በሦስተኛው ሰኞ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የማድ ቤቱን የወፍጮ መጅ አንገቷ ላይ ተሸክማ ገበያ መሐል ገባች። «ስሙኝ ወገኖቼ! በቅሎዋ በመስከረም ቤቴ ገብታለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐጎስ ንጹሕ ነው፤ የበደልነው እኛ ነን!» አለች። አባቴ አሞሌያቸው ፊት ተቀምጠው ነበር ይባላል። አንዳንዱ ሰው፣ እሳቸው ተነሥተው መጁን ከአንገቷ ተቀብለው ተሸከሙላት ይላል፤ አንዳንዱ ነጥቀው ወረወሩት ይላል። የትኛው እንደሆነ እናቴን በጠየቅኋት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፦ «አንቺ መጣሽ አይደል?»

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐጎስ ከከተማው ዳር አውርዶኝ ተመለሰ፤ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር አገር ለቆ ሄደ። በእኔ ያደረገውን ይቅር አላልኩትም፤ ለዚያ ያደረሰውን ግን አውቃለሁ። አባቴ በግ አርደው ጠበቁኝ፤ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ። እጃቸው ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየና ወደ ጋቢያቸው ገባ። እስኪሞቱ ድረስ ከዓይናቸው ብርሃን አይለዩኝም ነበር፤ ስለዚያ ረቡዕ ግን አንድም ቀን አላነሡም፤ እኔም ያንን ቃል ስጠብቅ ቀበርኳቸው።

ዛሬ በቤቴ ካጠፋሁ ቶሎ ብዬ ይቅርታ እላለሁ፤ ለልጆቼም፣ ለሠራተኛዬም፣ አንዳንዴ ሳላጠፋም። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ይቅርታ አበዛሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይቅርታ ርካሽ ነገር ይመስላቸዋል፤ እንዲመስላቸው ነው የምፈልገው።