«ኮቱ» የሚለው ሸክላ

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያንን ሸክላ አጫውቺልኝ» ትላለች። ሸክላው በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑ የአራት ደቡብ አሜሪካውያን ጎረምሶች ሁለተኛ አልበም ነው። ሽፋኑ ላይ ግንባራቸውን በጸጉር ሸፍነው፣ ቀጭን ከረባት አስረው ይስቃሉ። አባቴ አሰላ እንግሊዝኛ ሲያስተምር አብሮት የሠራ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ነው። የመጀመሪያውን አልበማቸውን አይተነው አናውቅም፤ እኛ ቤት ዘፈን ከሁለተኛው ይጀምራል።

እናቴ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት። ስትዳር አማርኛ አትችልም፤ የአባቴ ኦሮምኛ ደግሞ ሽንኩርት ከመግዣ አያልፍም። ታዲያ ገና ሙሽሮች ሳሉ ሸክላውን ከፍቶ፣ «ስሚው፣ በቋንቋሽ እየጠራሽ ነው፤ ኮቱ ይላል» አላት። ኮቱ በኦሮምኛ «ነይ» ማለት ነው። እውነትም ዘፋኙ በየመሃሉ «ኮቱ፣ ኮቱ» የሚል ይመስላል። አመነች። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ የያዘችውን ሥራ ትታ «መጣሁ!» ትላለች፤ አባቴ ይስቃል። እኛ ልጆቹ እንግሊዝኛ ስንማር ነገሩ ገባን፣ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

አምና የማጫወቻው መርፌ ተሰበረ። መለዋወጫ ቢፈለግ ታጣ፤ እኔም አልበሙን ከስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁላት። ሲዘፍን ግጥሙ አብሮ ይወጣል። እናቴ በስተርጅና የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ቁቤ ተምራለች፤ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የስልኩን ፊደል ታነባለች። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን በየመስመሩ አስኬደች።

«ኮቱ የቱ ጋ ነው? እዚህ የለም።»

«ሲጽፉት ዘለውት ነው» ብል ምን ነበረበት? ምላሴን በቆረጠው!

«እማዬ፣ እንግሊዝኛ እኮ ነው። ‹ጋት ቱ› ነው የሚለው፤ ‹ግድ ነው› ለማለት።»

«አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደል? እንዴት አያውቅም?»

መነጽሯን አወለቀች። «ይኼን ሁሉ ዓመት ሲስቅብኝ ኖሯል» አለች።

አልሳቀብሽም፣ እንድትወጂው ፈልጎ ነው፣ ደስ ስትይ ማየት ስለሚወድ ነው ብዬ ለመንኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልሰማችኝም። ዳግመኛ ሸክላውን አልጠየቀችኝም። አባቴን የቀበርነው አንድ ጊዜ ነበር፤ እኔ ደግሜ ቀበርኩባት። ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን እጠላለሁ።

ዘንድሮ ታማ አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎኝ ስልኩን ከፍቼ ትራሷ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዘፈኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ ጎንበስ አልኩ።

«ስሚ እማዬ፣ ኮቱ አለ እኮ! ለካ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ያዘችኝ።

«ዲሲ፤ ተዪው ልጄ» አለች። «አንቺ እንደ አባትሽ መዋሸት አታውቂበትም።»