የአባ ጭምት ፀጉር

ልጅ ሳለሁ፣ ካዚኖዎቹ ተዘግተው ላስ ቬጋስ ዝም ባለችበት ዓመት፣ በሜሪላንድ ፓርክዌይ አፓርታማችን ግቢ ውስጥ ጋሼ ደምሴ ሲመሻሽ ከሰል ያቀጣጥሉና በቆሎ እየጠበሱ የፈረስ ወግ ያወጉን ነበር። ጋሼ የእማዬ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው ደብረ ብርሃን ጋሪ ነድተዋል፤ እዚህ ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለ በረት ውስጥ የሙሽራ ሰረገላ የሚጎትት፣ ሻየር የሚባል ግዙፍ ዝርያ ፈረስ ይንከባከቡ ነበር። አሜሪካኖቹ ዱክ ይሉታል። «ዱክ ደግሞ ምን ስም ነው? አባ ጭምት ነው እሱ» ይሉና ወደ እኔ አየት ያደርጋሉ፤ ሰው ፊት መናገር የማልችል ልጅ ነበርኩና።

ያኔ ወጋቸው ተአምር አልነበረውም። የፈረሱ ኮቴ ሰሃን ያህላል። ከጉልበቱ በታች ረጅም ነጭ ፀጉር ይሸፍነዋል፤ አጥበው ካላደረቁት ቆዳው ይቆስላል፤ ስለዚህ ጋሼ ተንበርክከው አራቱንም እግር በፎጣ ያደርቃሉ። ከኋላው በዝምታ አይቀርቡትም፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ እጅ። «ሲደክመው ደግሞ ያመነው ሰው ላይ ክብደቱን ያሳርፋል። ያኔ አትግፊው፣ አትሽሺው። ዝም ብለሽ ቁሚለት» ይሉኝ ነበር።

ፈረሱ ፀጉሩን በሚያራግፍበት ሰሞን ሹራባቸው ነጭ በነጭ ሆኖ ይመጣል። እኔ እየለቀምኩ ፍሙ ላይ ስጥለው ይከረፋል፤ እማዬም «ኧረ በማርያም! በቆሎውን ፈረስ ፈረስ አታሰኚው!» ትላለች።

በዓመቱ እማዬ ወደ ሆቴል ሥራዋ ተመለሰች። የተሰናበቱትን ሰዎች ድርሻ ጭምር እያፀዳች ስለምትውል፣ ከሺፍት ስትመጣ ጫማዋን ማውለቅ ያቅታት ነበር። የምትስቀው በጋሼ ወግ ብቻ ነው። ወጉም በዚያ ሰሞን አማረ። አባ ጭምት አሸዋ የዋጠውን የእሳት አደጋ መኪና ጎትቶ አወጣ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ከሰረገላው ዘሎ ሊጠፋ ያለውን ሙሽራ ኮቱን በጥርሱ ይዞ አስቀረው።

ሹራባቸው ግን ንጹሕ ነበር። የፀጉሩ ሰሞን መጥቶ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፤ አንዲት ነጭ ፀጉር አላየሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቅ ስሄድ ጋሼን አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አየኋቸው። ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ አውቶቡሱ መጥቶ ቆሞ ሲሄድ ቀና እንኳ አላሉም። ቤት ገብቼ የበረቱን ስም በስልኬ ፈለግሁ። ተዘግቷል፤ ፈረሶቹም ተሸጠዋል።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር እማዬ ያቺኑ ሳቋን ታጣለች፤ ጋሼም በየማለዳው ቦት ጫማቸውን አጥልቀው የሚወጡበትን ምክንያት።

አንድ ምሽት፣ ጋሼ የሙሽራውን ወግ እንደገና ጀምረውልን ሳሉ፣ እማዬ እየሳቀች ሹራባቸውን በጣቷ ነካ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ፈረስዎ መላጣ ሆነ እንዴ? አንዲት ፀጉር የለብዎትም!»

ጋሼ በቆሎውን አገላበጡ። የእማዬ ሳቅ እየቀነሰ ሄደ።

«እኔ ነኝ የምለቅመው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ደረጃው ላይ። ፍም ላይ ሲጣል ይሸታል ስላልሽ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች እማዬ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። «እሺ ጋሼ፣ ሙሽራውስ?»

ጋሼ ሙሽራውን ጨረሱልን። በኋላ እማዬ ቀድማ ገብታ እኛ ደረጃውን ስንወጣ፣ መሐል ላይ ቆሙና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ እጃቸውን ብቻ፣ ቀስ በቀስ ክብደታቸውን ሁሉ። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ግን ከበዱኝ። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩላቸው።

ዛሬ ጋሼ የሉም። ለእማዬ በአፌ ልነግራት ስንት ጊዜ ጀምሬ እያፈርኩ ተውኩት፤ ይኸው ጻፍኩት። የእሳት አደጋ መኪናው ወግ ከነመልኩ ጠፍቶብኛል። የፎጣውና የእግር ማድረቁ ግን አለ። እማዬም አሁንም ከሺፍት መጥታ ሶፋው ላይ ስትደገፈኝ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ አልነቃነቅም።