ይነግሣል እንጂ አይገዛም

የልጄ ባል እናት አራስ ልትጠይቅ ከስኮትላንድ መጣች ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አላለኝም። ለአንድ አራስ ቤት አንዲት አያት ትበቃለች፤ እሷም እኔ ነኝ። እኔ ከምኖርበት ከፊሊፕስ ልጄ እስካለችበት እስከ ዉድበሪ ድረስ በዚያ በረዶ ገንፎ የማመላልሰው እኔ አይደለሁም እንዴ?

እንግሊዝኛዋ እዚህ እንደለመድነው ስላልሆነ አይገባኝም፤ የምታስተረጉምልን ልጄ ነበረች። "እንኳን ደህና መጡ፤ እንግሊዝ ሰላም ነው ወይ በያት" አልኳት። ሴትዮዋ "እንግሊዝ" የምትለዋን ቃል ሳይተረጎምላት ያዘቻት። ፊቷ ቀላ።

እኔ ምን ላድርጋት? በኛ ቋንቋ ከዚያ አገር የመጣ ሁሉ እንግሊዝ ነው።

"አራት አገር ነን ትላለች" አለች ልጄ። "እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ። ዘውዱ አንድ ነው እንጂ እኛ አንድ አይደለንም።"

"ንጉሡ አንድ ከሆነ ምን ለያችሁ በያት።"

"ንጉሡ አይገዛም፣ ማሚ።"

"ምን ቸገረው! ሁሉን በነፃ እየሰጡት ለምን ብሎ ይገዛል?"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። "ሾፒንግ አይደለም! ሩል አያደርግም ነው የምልሽ። ይነግሣል እንጂ አይገዛም። የሚወስነው ፓርላማ ነው። ስኮትላንድም የራሷ ፓርላማ አላት፤ ትልልቁን ነገር ግን የለንደኑ ይይዘዋል።"

እኔ የማውቀው "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ሲባል ነው። የሚታዘዝ ንጉሥ ምኑ ንጉሥ ነው? ይህንንም አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ አጠገቧ ከተቀመጠው ልጇ፣ ከልጄ ባል ጋር ተያዩ። አስተያየታቸው አላማረኝም።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

ልጄ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ሙቭ ልናደርግ ነው። እሱ እዚያ ጆብ አግኝቷል።"

ደሜ ፈላ። ለካ ሴትዮዋ የመጣችው አራስ ልትጠይቅ ሳይሆን የልጅ ልጄን ልትወስድብኝ ኖሯል! እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

"ጠይቂልኝ እስቲ፤ ስኮትላንድ ራሷ ልገንጠል ብትል ዝም ብላ መውጣት ትችላለች?"

"አትችልም። ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥበት ለንደን መፍቀድ አለበት።"

"እንግዲያው አንቺም አስፈቅጂኝ! እኔ አልፈቅድም።"

ልጄ ወትሮ ስትናደድ እንግሊዝኛ ነው የሚቀናት። ያን ቀን ግን ቀስ ብላ በአማርኛ መለሰችልኝ። "ማሚ፣ አንቺ ለንደን አይደለሽም። አንቺ ንጉሡ ነሽ።"

ከአማቷ ፊት ነው ያለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ለዚያች ሴትዮ ብዬ አላፈሰስኩትም።

"ንጉሡ እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው?"

"ፓርላማው የወሰነውን ያጸድቃል። ይፈርማል። እኛም እንድትመርቂን ነው የምንፈልገው።"

"አልፈርምም ቢልስ?"

ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰበቀች፤ እምቢ ያለ ንጉሥ ከጠፋ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እምቢ ቢል ምን እንደሚሆን በቅጡ የሚያውቅ የለም አለች።

እኔ አወቅሁት። በሄዱ ቀን ኤርፖርት ሕፃኑን አገላብጬ ሳምኩት። ልጄ ምርቃቴን ፈልጋ ፊቴ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አፌን አልከፈትኩም። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሣ።