የሚንኳኳው ፓራፋንጎ

አስፋልቱ አልቆ የጠጠሩ መንገድ በሚጀምርበት በከተማው ጫፍ ብስክሌት የሚጠግነው ሰው፣ እጁ ሥራ ይዞ ጆሮው ወሬ ይለቅማል። ሽበታሙ ደንበኛው ግን ወሬ አይወጣውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ መጥቶ ለጠጠሩ እንዲመቸው ከብስክሌቱ ጎማ ትንሽ አየር ያስቀንሳል፤ ስልኩን ሳይዘጋ ደረት ኪሱ ይከትና ጉም በለበሰው ጫካ ውስጥ እንደ ሕልም ይሰወራል። የኋላ ጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ ሲንኳኳ ግን ከሸለቆው ማዶ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ላጥብቅልዎት እንጂ። ሰው የእኔ ሥራ ይመስለዋል።»

«ተወው፣ ይንኳኳ።»

ሰፈሩ «ውሽማ ይዟል፤ እየነዳ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነው» ብሎ ፈርዶበታል። ጠጋኙም አንድ ቅዳሜ ሰውየው ዘወር ሲልለት የፓራፋንጎውን ቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ተመለሰ።

«ምን አደረግክብኝ ልጄ? ወንድሜ አልጋ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው። በስልክ አብሮኝ ይነዳል። ጫካውን፣ ድልድዩን፣ የስንዴውን ማሳ የሚለየው በዚህ ኳኳታ ነው። ዛሬ ‹የት ነን?› እያለ አለቀሰብኝ።»

ጠጋኙ ተንበርክኮ ቡሎኑን አላላ፤ ጎማውን አሽከረከረ፤ ፓራፋንጎው ተንኳኳ።

«ይኼ ነው?»

ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ጎማው አስጠጋ። «እሱን ጠይቀው።»

ከስልኩ ውስጥ የደከመ ድምፅ፣ «ጨምረህ አላላው፤ ጫካው ገና አልመጣም» አለ።