በጥርሴ የመጣ ፍተሻ

በደርግ ጊዜ፣ ጉለሌ፣ ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነበር፤ ያውም በወር አንዴ፣ ተሰልፎ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የፊት ጥርሴ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረብኝ። እናቴ በመፋቂያ፣ በከሰል፣ በአመድ ፈትጋ ፈትጋ ድዴን ልትጨርሰው ምንም አልቀራት። ነጠብጣቡ ግን ፍንክች አላለም።

አንድ ቀን ሰልፉ ላይ ሳቅኩ። ምነው በቀረብኝ! የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጥርሴን አየና፣ «በቀበሌ ስኳር ጥርስ እንዲህ አይበላሽም! እነዚህ ሰዎች ስኳር ደብቀዋል» አለ። ወዲያው ቤታችን ገብቶ ከአልጋው ሥር እስከ ዱቄት ዕቃው በረበረ።

እናቴ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የስኳር አይደለም፤ የጉድጓድ ውኃ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንዲህ ነው» አለችው።

«እዚያ የት?»

«ወንጂ።»

የስኳር ፋብሪካውን አገር ስም ሲሰማ ዓይኑ በራ። «አላልኩም!» ብሎ ፍተሻውን ከአልጋው ሥር እንደ አዲስ ጀመረ።

አንዲት ቅንጣት አላገኘም። ሴት ልጁ ግን በራችን ላይ ቆማ፣ ከመዳፏ ስኳር እየላሰች ትጠብቀው ነበር። እሷን ማን ይጠርጥራት? ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው።