የእጀ ወርቅ ማንኪያ

ሰው በስንፍናው ሲታሰር ያለ ነው። በሙያው የታሰረ ሰው ማየት የፈለገ ግን ወደዚያ ላቦራቶሪ ጎራ ማለት ነበረበት። እዚያ «እጀ ወርቅ» የሚሏት ሴት አለች። ተመስግናለች፣ ተጨብጭቦላታል፣ መውጫ ግን አጥታለች።

ሥራዋ በብርሃን ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዱቄት ማዘጋጀት ነው። ነጩን ጥሬ ዕቃ በሸክላ ጽዋ ከድና ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች፤ ቢጫ ሆኖ፣ ከጽዋው ጋር ድርቅ ብሎ ተጣብቆ ይወጣል። ፍቃ ታነሳዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ ደግማ ታሞቀዋለች። ከዚያ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጣ መብራት ታበራበታለች። ዱቄቱ ከሠመረ ጥቃቅን አረፋ ሽቅብ ይንቦለቦላል፤ ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው፤ አንድ ቀን መኪና ይነዳል የተባለለት። ካልሠመረ ውሃው ቢጫ እንደሆነ ዝም ይላል።

ጉዱ ታዲያ፣ የሚሠምረው እሷ ስትሠራው ብቻ ነው። «ረጅሙ» የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ሙቀት ያንኑ ሲሠራ አንዲት አረፋ አትወጣም። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱ ሲጠፋቸው ግን እናቶቻቸው ስለ ምግብ የሚሉትን አሉ፤ «እጇ ነው!»

ባሏ በዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ልጃቸውን ይዞ ሄዷል። እሷም እዚያ የማስተማር ሥራ አግኝታለች፤ የቀራት መልቀቂያ ብቻ ነው። አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀል ነበር፣ ትጣላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ረጅሙ እንዳንቺ አረፋ ያወጣ ዕለት ራሴ እሸኝሻለሁ። እስከዚያ ትንሽ ታገሺኝ» ይሏታል።

ረጅሙን አስተማረችው፣ ደግማ አስተማረችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ብትለቀኝ!» ስትለው፣ «እኔ መች ያዝኩሽ? የያዘሽ እጅሽ ነው» ይላታል አንገቱን ደፍቶ።

ከሥራ ስትወጣ ስልክ ትደውላለች። ልጇ «እማዬ፣ መልቀቂያው ዛሬም አልደረሰም?» ትላታለች። መልቀቂያ የሚሉት ነገር ምድጃ ላይ ተጥዶ አልበስል ያለ ይመስላታል። እጀ ወርቅ ስልኩን ዘግታ ባዶ ቤቷ ውስጥ እጆቿን ታያቸዋለች። ጠልታቸዋለች።

አንድ ሰኞ ታዲያ የእሷም ውሃ ዝም አለ። መብራቱ ቢበራ፣ ጠርሙሱ ቢነቃነቅ፣ ወይ ፍንክች! «ዓይን ገብቶባት ነው» አለች የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ። ነገሩ የገባት እጀ ወርቅ ብቻ ናት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋዋኗን ልታጥብ ቤት ወስዳ ነበር፤ ማንኪያዋ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

የላቦራቶሪው የፕላስቲክ ማንኪያ እየተጣጠፈ ስላስቸገራት፣ ሽፋኑ የተላላጠ አሮጌ የሾርባ ማንኪያ ከቤቷ አምጥታ ነበር። «በወጥ ቤት ማንኪያ ትመራመራለች» እንዳትባል ሰው ሲያያት በፕላስቲኩ፣ ሰው ዞር ሲል በራሷ ማንኪያ ትፍቃለች። ረጅሙን ስታስተምርም እንደዚያው። እሱም አንድ ሁለቴ አይቷታል፤ እንዳላሳፍራት ብሎ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷ በይሉኝታ ደበቀች፣ እሱ በይሉኝታ ዝም አለ፤ የእስር ቤቱ ቁልፍ ይህን ሁሉ ጊዜ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ብትናገር ስሟ ሊቀር ነው። ፕሮፌሰሩ በየጉባኤው ቆመው ያሞገሱት እጅ ማንኪያ ሆኖ ሊገኝ ነው። አፈረች፤ ልጇን አሰበችና በማግስቱ ማንኪያዋን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ተናገረች።

ፕሮፌሰሩ ገልበጥ አድርገው አዩት። «ኒኬል!» ብለው ጮኹ። «ሽፋኑ ኒኬል ነው! ስትፍቂ እየተላጠ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል፤ ሥራውን የሚያፋጥነው እሱ ነው!»

ረጅሙ በማንኪያው ፍቆ ሠራ። አረፋው ተንቦለቦለ። ፕሮፌሰሩ «እጅህ ይባረክ!» ብለው አቀፉት። እጀ ወርቅ አለቀሰች፤ ደስታ ነበር።

«እንግዲህ መልቀቂያዬ...» አለች።

«አሁን? ምኑ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ሳናውቅ? ይሄ ማንኪያ እኮ ሊያልቅ ነው፤ ገበያ ላይም የለም። ወንድም እህት የለውም?»

«ሌሎቹ አምስቱ ባሌ ጋ ናቸው። ልጄ ትበላባቸዋለች።»

«በቃ፣ በፖስታ ይላኩልን! እነሱን እስክንመረምር ትንሽ ታገሺኝ።»

ትንሽ! ያቺን ቃል ታውቃታለች። ማንኪያዎቹ ወደ እሷ ሊመጡ ነው እንጂ እሷ ወደ ማንኪያዎቹ ልትሄድ አይደለም። በዚያ ምሽት ደውላ፣ ማንኪያዎቹ በፖስታ እንዲላኩ ለልጇ ነገረቻት።

«ማንኪያው መልቀቂያ አያስፈልገውም?» አለች ልጅቷ።

«አያስፈልገውም፣ የኔ ልጅ።»

«ያስፈልገዋል። እኔ አለቅም። መጥተሽ ውሰጂው።»

አባትየው ስልኩን ተቀብሎ፣ «ሁሉንም ሰብስባ አልጋዋ ውስጥ ደብቃቸዋለች» አላት።

ጠዋት ፕሮፌሰሩ ገና ከበሩ «ማንኪያዎቹስ?» አሉ።

«ባለማንኪያዋ አለቅም ብላለች።»

«እንዴት አለቅም ትላለች? ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ይመለስልሻል በያት እንጂ!»

«ብያታለሁ፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ እኔን እንደሚሉኝ አድርጌ ነው ያልኳት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። መብራቱ ሥር አጎንብሶ የነበረው ረጅሙ በዚያን ጊዜ ቀና አለ፤ ቁመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው።

«አረፋውን አውጥቻለሁ፣ ፕሮፌሰር» አለ። «ቃል ነበረዎት።»