ወራሽ ሞልቷል፣ ምትክ ጠፋ

አባቴ ያረፈ ክረምት፣ ወራሽነቴን ላረጋግጥ ቀየት ከተማ ፍርድ ቤት ቀረብኩ።

«ሌላ ወራሽ አለ?» አሉኝ ዳኛው።

«የለም፤ ብቻዬን ነኝ።»

እናቴ ቀድማ ሄዳለች፤ ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ሙግት የለብሽም፣ ዕድለኛ ነሽ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ ስወጣ፣ የሚሟገተኝም ቢሆን ወንድም በኖረኝ ብዬ ተመኘሁ።

ቤቱንና በጎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ ወደማስተምርበት ወደ ዘመሮ ልመለስ ስል አንድ ሽማግሌ መጡ። አባቴ ይጠጣበት የነበረው የሚካኤል ማኅበር መሪ ናቸው፤ ሙሴው ይሏቸዋል።

«ለቤቱ ወራሽ ተገኘ። ለማኅበሩስ ምትኩ ማነው?» አሉኝ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ።

«እኔ ሴት ነኝ። ደግሞ እዚህ አልኖርም።»

«ሴትም ትጠጣለች። ተራሽ ሲደርስ ትደግሻለሽ፣ በሌላው ጊዜ እንደቻልሽ ትመጫለሽ። የአባትሽ ቦታ ባዶ አይሁን፣ ልጄ።»

እሺ አልኩ። ሚካኤል ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል እየሄድኩ መደቡ ላይ በአባቴ ቦታ መቀመጥ ጀመርኩ። ሁሉም የአባቴ እኩዮች ናቸው፤ ልጆቻቸው ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዐረብ አገር ነው። የሚያወሩት እኔ ስለማላውቃቸው ሙታን ነው። በስሜ የሚጠራኝም አልነበረም። «ለምትክ ቅዱላት» ይላሉ፣ ይቀዳልኛል።

ተራዬ ደርሶ የደገስኩ ዕለት ጉሙ መንገዱን ዘግቶት ቄሱና ጥቂት ሰዎች ብቻ መጡ። ጸሎቱ አልቆ ሌላው ሲሄድ፣ ሙሴው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ እሳቱ ዳር ቀሩ።

«እኔ ልጅ አለኝ» አሉ። «ወራሽ አላጣሁም። ምትክ ነው ያጣሁት። ስሞት ቦታዬን አንቺ ያዥልኝ።»

«የአባቴ አለብኝ እኮ።»

«ሁለቱንም ያዥ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም አረፉ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ ከልቡ አለቀሰ። አርባቸውን ካወጣ በኋላ ግን በጎቹን ሸጠ፣ የቤቱን ቆርቆሮ አስነቀለ። አልፈረድኩበትም፤ እዚያ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። መኪና ሊሳፈር ሲል አባቱ ያሉኝን ነገርኩት። 

«እንግዲያውስ አንቺው ያዥልን» አለኝና ተሳፈረ።

አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ እደግሳለሁ፤ አንዴ በአባቴ፣ አንዴ በእሳቸው ስም። ማኅበርተኛው ግን እየሳሳ ነው፤ መደቡ ላይ ተራርቀን ነው የምንቀመጠው። ባለፈው ሚካኤል አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለእኔስ ምትክ ማነው?» አሉኝ።

 ዋንጫቸውን ተቀብዬ ጠላ ቀዳሁላቸው።